የኤች አይ ቪ ክትባት ስለምን ዘገየ?

የክትባት ጥበብ የተመሠረተው በአንድ ቀላል ማስተዋል ላይ ነው። በፈንጣጣ ታሞ የዳነ ሰው ዳግመኛ በፈንጣጣ አይያዝም። ሰውነቱ ጠላቱን አንድ ጊዜ ስላወቀ በሽታው ተመልሶ ቢመጣ ሥር ሳይሰድ ያጠፋዋል። ክትባትም ሰው ሳይታመም ይህንኑ ዕውቀት ለሰውነቱ የሚሰጥ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 እ.ኤ.አ. በጀመረው በዚህ መንገድ ፈንጣጣ እየተመናመነ ሄዶ፣ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው በሽተኛ በ1977 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ ተገኘ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ኤድስን የሚያመጣው ቫይረስ በ1983 በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲገኝ የብዙዎች ተስፋ ታላቅ ነበር። በ1984 የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ሄክለር፣ ክትባት በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ለሙከራ እንደሚደርስ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ቢያልፍም ሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

ዋናው ችግር ከቫይረሱ ባሕርይ የመነጨ ነው። እጅግ በጣም ጥቂት ከሆኑ ሰዎች በቀር በራሱ የመከላከያ ኃይል ብቻ ኤች አይ ቪን ያሸነፈ ሰው አልታየም። የፈንጣጣ ክትባት የዳኑትን ሰዎች አርአያ ተከትሎ ተሠራ፤ እዚህ ግን የሚከተሉት አርአያ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ቫይረሱ የሚያጠቃው ራሳቸውን የሰውነት ዘበኞች፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው። ወደ ውስጣቸው ገብቶ የራሱን የዘር መልእክት ከሕዋሱ የዘር መልእክት ጋር ያዋሕዳል፤ ከፊሉም ለዓመታት ያንቀላፋል። በመድኃኒት ጤናው ተጠብቆ የሚኖር ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ቫይረሱ የሚያገረሸው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ክትባቱ ቫይረሱን መቅደም ያለበት ገና ሳይሸሸግ ነው።

ቫይረሱ መልኩንም ይለዋውጣል። የዘር መልእክቱን የሚገለብጠው ኢንዛይም፣ የብራና መጽሐፍ እየገለበጠ የጻፈውን መልሶ የማያነብ ቁም ጸሐፊ ይመስላል። በዚህም የተነሣ በአንድ በሽተኛ ደም ውስጥ እንኳ ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ቫይረሶች ይገኛሉ። በኢትዮጵያና በደቡባዊ አፍሪካ የሚበዛው ሲ የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚበዛው ግን ቢ ነው። የቫይረሱ ገጽ ደግሞ ከሰው አካል በወሰደው ስኳር ስለተሸፈነ ዘበኞቹ እንደ ወገን ቈጥረው ያልፉታል።

በታይላንድ ከ16,000 በላይ ፈቃደኞች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ክትባቱ የመያዝን ዕድል ከመቶ 31 ያህል እንደቀነሰ በ2009 ተገለጸ። ውጤቱ አነስተኛ ቢሆንም ተስፋን አደሰ። ያው ክትባት ለሲ ዝርያ እንዲስማማ ተሻሽሎ በ2016 በደቡብ አፍሪካ በ5,400 ያህል ሰዎች ላይ መሞከር ተጀመረ። በ2020 ሲመረመር ክትባቱን ከወሰዱት 129፣ ክትባት የሌለበትን መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 123 ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ። ክትባቱ ሕያው ኤች አይ ቪ ስለሌለበት በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፤ ነገር ግን አላዳነም። ሙከራውም ቆመ።

ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው። በቫይረሱ ከተያዙት መካከል አንዳንዶች ከዓመታት በኋላ ብዙ ዓይነት ዝርያዎችን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ያበጃሉ። ለእነርሱ ጊዜው አልፏል። ይህንኑ ችሎታ ጤነኛ ሰውነት በተከታታይ መርፌዎች ደረጃ በደረጃ እንዲማር ማድረግ ይቻል ይሆን? በ2022 በታተመ አንድ ሙከራ፣ ከተከተቡት 36 ሰዎች በ35ቱ ትክክለኛዎቹ ጀማሪ ሕዋሳት ተቀሰቀሱ። ይህ የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ጀማሪዎቹን ወደ ፍጻሜ የሚያደርሱት መርፌዎች ገና በመፈተን ላይ ናቸው።