ሰያፍ የትከሻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ፦ ትክክለኛ አሠራሩና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ጎራዴ ከሰገባው የሚመዝዝ ሰው እጁን ከተቃራኒው ዳሌ ያነሣና በደረቱ ፊት በሰያፍ አሳልፎ ወደ ላይና ወደ ውጭ ያወጣዋል። የነጠላዋን ጫፍ በተቃራኒ ትከሻዋ ላይ የምትጥል ሴትም ክንዷን ከጎኗ አንሥታ በሰያፍ ታሻግራለች። የክንድ የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን የሚሄድ ሳይሆን፣ እንዲህ የሰውነትን መካከል እያቋረጠ የሚዞር ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ትከሻው ለተጎዳ ታካሚ ሰያፍ እንቅስቃሴዎችን የሚያዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ በዶክተር ኸርማን ካባትና በፊዚዮቴራፒስት ማርጋሬት ኖት የተጀመረ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያገለገለው በፖሊዮና በመሳሰሉት ሕመሞች ጡንቻቸው ለደከመ ሰዎች ነበር።

ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ይበልጥ ለመውለቅ የተጋለጠ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም፤ ራሱን በቦታው የሚያጸኑት በዋናነት ዙሪያውን የያዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። እነዚህ ሲደክሙ ወይም ሲቀደዱ ክንድን ማንሣት ሕመም ይፈጥራል።

በመጀመሪያው ሰያፍ እንቅስቃሴ እጅ ተጨብጦና አውራ ጣት ወደ ታች ዞሮ ከተቃራኒው ዳሌ ይነሣል። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሲጓዝ ቀስ በቀስ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ መዳፉ ይከፈታል፣ አውራ ጣትም ወደ ኋላ ያመለክታል። በሁለተኛው ደግሞ ክንዱ ከራሱ ወገን ዳሌ ጎን ተነሥቶ፣ መዳፉ ወደ ፊት ገጽ እየዞረ፣ ወደ ተቃራኒው ጆሮ ይወጣል። በሁለቱም ክርኑ እምብዛም አይታጠፍም፤ እጁም በመጣበት መንገድ ይመለሳል።

የክንዱ መዞር የእንቅስቃሴው ዋና ነገር ነው። ክንድ ከትከሻ ከፍታ በላይ ሲወጣ ወደ ውጭ ካልዞረ በክንድ አጥንትና በላዩ ባለው የትከሻ አጥንት መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ በዚያ የሚያልፈው ጅማትም ይጫናል። ስለዚህ እጁን ከፍ ማድረጉ ብቻ እንደ ውጤት ሊቆጠር አይገባም። ሌላው ተደጋጋሚ ስሕተት ትከሻን ወደ ጆሮ መስቀል ነው። ጀርባን ወደ ኋላ ማጉበጥና ወገብን በኃይል መጠምዘዝም እንዲሁ የደከመውን ጡንቻ ሥራ ለሌላው አሳልፎ መስጠት ነው። በመስታወት ፊት ቆሞ መሥራት እነዚህን ለማየት ይረዳል። ወደ ላይ ለመውጣት 2 ሰከንድ፣ ለመመለስ ደግሞ 3 ወይም 4 ሰከንድ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ብዙዎች ቸል የሚሉት መመለሱን ነው።

ባለሙያ የተለየ መጠን ካላዘዘ በቀር መጀመሪያ ያለ ምንም ክብደት፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በ2 ዙር መሥራት ይበቃል። የሚለጠጥ ላስቲክ የሚጠቀም ሰው ከመጀመሩ በፊት ስንጥቅ እንደሌለው ይፈትሽ፣ በማይንቀሳቀስ ነገርም ላይ ይሰረው። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ተቆርጦ የተዘጋጀ ላስቲክም ያገለግላል፤ ነገር ግን ያረጀ ከሆነ ተበጥሶ ዓይን ሊመታ ይችላል።

የጡንቻ ድካምና በማግሥቱ የሚሰማ መጠነኛ መጠዝጠዝ የሚጠበቅ ነው። እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም ትከሻ ከቦታው የሚወጣ የመሰለ ስሜት ሲኖር ግን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ትከሻው በቅርቡ ወደ ፊት የወለቀበት ሰው የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ከፍታ መሥራት የለበትም፤ ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዞርበት ያ አቀማመጥ ትከሻ በአብዛኛው ዳግመኛ የሚወልቅበት ነው። የትከሻ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና የተሰፋለት ታካሚም ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሊጀምር አይገባም። የወለቀ ትከሻ በወጌሻ ከተመለሰም በኋላ በጤና ተቋም መታየት አለበት፤ አብሮት የተሰበረ አጥንት ወይም የተጎዳ ነርቭ ሊኖር ይችላል። በግራ ትከሻና ክንድ ላይ ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር በድንገት የመጣ ሕመም ደግሞ የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የትከሻ ሕመም ያለበት ተገልጋይ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት የሚገኘው በአብዛኛው በሆስፒታሎች በመሆኑ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላትም የታደሰ መታወቂያቸውን ይያዙ። የራጅ ፊልምና የቀዶ ሕክምና ማስረጃ ካለ አብሮ ማቅረብ፣ የስኳር ሕመም ያለበትም ይህንኑ ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል፤ ትከሻ የሚደርቅበት ሕመም በስኳር ታካሚዎች ላይ ይበዛልና።