ማንንም ሳይጎዱ መሳሳት

በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ዘመዱ፣ ጎረቤቱ ወይም አበልጁ ነርስ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጋርላንድ ውስጥ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ደጃፉ ላይ ብትቆሙ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ስለ ሌሊት ፈረቃ የሚጨዋወቱ እናቶች ታገኛላችሁ። እኔም መንገዴ ይኸው ነው። በረዳት ነርስነት ጀመርኩ፤ እየሠራሁ ተምሬ ነርስ ሆንኩ፤ አሁን በዚሁ አካባቢ በአንድ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ሲሙሌሽን አስተምራለሁ። ሥራዬ ተማሪዎች እውነተኛ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት የሚለማመዱበትን ክፍል መምራት ነው።

የክፍላችን አንዱ ጥግ ባዶ ወለል ነው። አልጋ የለበትም፤ የሚተነፍስና የሚያቃስት የመለማመጃ አሻንጉሊትም የለበትም። ተማሪዋ ትልቅ መነጽር የመሰለ መሣሪያ ታጠልቃለች፤ ሁለት መቆጣጠሪያዎች በእጇ ትይዛለች፤ ለእኛ ባዶ የሆነው ወለል ለእሷ የሆስፒታል ክፍል ይሆናል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ወላጆች፣ በተለይ የልጆቻቸውን የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑ አባቶች፣ “ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?” ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሚገባ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

ዓይን እንዴት ያምናል?

ሁለቱ ዓይኖቻችን አንድን ነገር በጥቂቱ ከተለያየ አቅጣጫ ያዩታል፤ አእምሯችንም ከዚያ ልዩነት ተነስቶ ርቀትን ይገምታል። መሣሪያው ይህንኑ ይጠቀምበታል። ለቀኝና ለግራ ዓይን በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ምስሎችን በሌንስ በኩል ያሳያል። በላዩ ያሉት ካሜራዎችና የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ተማሪዋ ራሷን ወዴት እንዳዞረች እየተከታተሉ ምስሉን በሰከንድ 72፣ 90 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ያድሱታል። ወደ ኋላ ስትዞር በሩን፣ ስትጎነበስ የአልጋውን እግር ታያለች። ምስሉ ከእንቅስቃሴዋ ከዘገየ፣ ወይም ዓይኗ “እየሄድኩ ነው” ሲል የውስጥ ጆሮዋ “ቆሜያለሁ” ካለ፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ስለዚህ ልምምዱን አጭር አደርገዋለሁ፤ የማይስማማት ተማሪ ያንኑ ልምምድ በተራ ኮምፒውተር ትሠራለች። ሹሩባ የተሠራችን ወይም ሂጃብ የለበሰችን ተማሪ ማሰሪያው እንዳያስቸግራት አስቀድሞ ማስተካከልም የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ራሷን እየጨመቃት የምትማር ተማሪ የለችም።

ሐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው ተመራማሪ በራስ የሚጠለቅ ምስል ማሳያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ መሣሪያው ከጣሪያ ጋር በተያያዘ ብረት የሚደገፍ ነበር። ዛሬ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ የማይፈልጉ አሉ፤ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ክዌስት 3ኤስ መነሻ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ውድ የሆነው በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራምና የመምህሩ ጊዜ ነው።

ብርድ ልብሱ

አንድ ልምምድ ልንገራችሁ። በሽተኛው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደም የጎደለው ጎልማሳ ነው። ተማሪዋ የደሙን ከረጢት ትሰቅላለች፤ በከረጢቱ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር በሽተኛው እጅ ላይ ከታሰረው ጋር ማመሳከር አለባት። ደሙ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቡ መራቅ የለባትም፤ የማይስማማ ደም ገብቶ ከሆነ ክፉው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው በዚያን ጊዜ ነውና። በልምምዱ ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ በሽተኛው “በረደኝ፣ ወገቤን አመመኝ” ይላል፤ መንቀጥቀጥም ይጀምራል።

ይህን ያየች አንዲት ጎበዝ ተማሪ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ለሰው የምትራራ፣ በደንብ ያደገች ልጅ የምታደርገው ነው። ደሙ ግን መፍሰሱን ቀጠለ፤ ትኩሳቱ ወጣ፤ የደም ግፊቱ ወረደ። ማድረግ የነበረባት ደሙን ወዲያው ማቆም፣ የደም ሥሩን መስመር በአዲስ ቱቦና በኖርማል ሳላይን ክፍት አድርጎ ማቆየት፣ ሐኪም መጥራት፣ የበሽተኛውንና የከረጢቱን መለያ እንደገና ማመሳከር ነበር። መልሱን በጽሑፍ ፈተና ላይ በትክክል መልሳው ነበር። የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊቷ ሲሆን ግን እውቀቷ ከእጇ ጋር አልተገናኘም።

መሣሪያውን አወለቀች፤ ወንበር ስበን ተቀመጥን። “ምን አየሽ?” አልኳት። “ሲንቀጠቀጥ አየሁ።” “ምን አሰብሽ?” “የበረደው መሰለኝ።” “ደሙ ከተጀመረ ስንት ደቂቃ ሆኖ ነበር?” መልሱን ፈልጋ ስታገኘው ስህተቷን እኔ መናገር አላስፈለገኝም። እንደገና ገባች፤ በዚህኛው ጊዜ እጇ መጀመሪያ የሄደው ደሙን ወደሚያቆመው መዝጊያ ነበር።

ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። አንዲት ተማሪ ሆስፒታል ውስጥ ስትለማመድ እንዲህ ያለ በሽተኛ ጨርሶ ላይገጥማት ይችላል። ቢገጥማትም ልምድ ያላት ነርስ ወደ ጎን ገፋ አድርጋት ሥራውን ራሷ ትይዘዋለች፤ መያዝም አለባት። ምናባዊው ዓለም አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣውን አደጋ በቀጠሮ ያመጣዋል፤ ለተማሪዋ ኃላፊነቱን ይሰጣታል፤ ስትሳሳት ማንም አይሞትም። መሣሪያው የሚሰጠው ይህን ዕድል ነው። ዕድሉን ትምህርት የሚያደርገው ከዚያ በኋላ በወንበር ላይ የሚደረገው ውይይት ነው። ስለዚህ ከልምምዱ ይልቅ ለውይይቱ የሚበልጥ ሰዓት እመድባለሁ። ውይይት የሌለው ልምምድ ስህተትን ያስደግማል፤ ለአባቶቹም የምመልሰው ይህንኑ ነው፦ ከመሣሪያው በኋላ መምህር ከሌለ ጨዋታ ነው፤ ካለ ትምህርት ነው።

ሐኪም መቀስቀስ

ከአገራችን ልጆች ጋር ስሠራ ሌላም ያስተዋልኩት አለ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ለበሽተኛ ያላቸው ክብር ከቤት የመጣ ነው። የሚከብዳቸው ስልኩ ነው። በልምምዱ ውስጥ ሌሊት ለሐኪም ደውለው አራት ነገር ባጭሩ መናገር አለባቸው፦ አሁን የሆነውን፣ የበሽተኛውን የኋላ ታሪክ፣ የራሳቸውን ግምት፣ ከሐኪሙ የሚፈልጉትን። ሦስቱን በሚገባ ይናገራሉ። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ይሰልላል። አንዷ ከክፍል በኋላ ጠብቃኝ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ “መምህር፣ እንዴት አድርጌ ትልቅ ሰው ‘አሁኑኑ ይምጡ’ እላለሁ? እንደ ድፍረት አይቆጥሩብኝም?”

“እህቴ፣ በሽተኛው አሁን አፍ የለውም፤ አፉ አንቺ ነሽ” አልኳት። ምክር ብቻውን ግን ድምፅ አያወጣም። ደጋግማ ደወለች። የምናባዊው ሐኪም ድምፅ አንድ ጊዜ ቁጡ፣ አንድ ጊዜ እንቅልፋም፣ አንድ ጊዜ ትዕግሥተኛ ሆኖ ተቀበላት። በመጨረሻ አክብሮቷን ሳትጥል “እንዲመጡ እፈልጋለሁ” ማለት ለመደች። ትሕትናዋ ሀብቷ ነው፤ እንድትጥለው አልፈልግም። በትሕትና ውስጥ ቆራጥነት እንዲገባ ግን የሚለማመዱበት ቦታ ያስፈልጋል።

ንግግርን በምናባዊ ዓለም ማለማመድ በዚህ ከተማ የቆየ ታሪክ አለው። ዳላስ፣ ሞኪንግበርድ ጎዳና ላይ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቴክሳስ አት ዳላስ የአንጎል ጤና ማዕከል፣ ሴንተር ፎር ብሬይንኸልዝ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች በዚህ መንገድ አሠልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናታቸው 8 ወጣቶች በ5 ሳምንታት ውስጥ 10 ጊዜ ሴኮንድ ላይፍ በተባለው ምናባዊ ዓለም ገብተው ለሥራ ቃለ መጠይቅ መቅረብን፣ ሰው መተዋወቅንና አለመግባባት ሲፈጠር መነጋገርን ተለማመዱ። የሌላውን ስሜት በመለየት ረገድ መሻሻል ታየባቸው። 8 ሰው ጥቂት ነው፤ ተመራማሪዎቹም በዚያ አላቆሙም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በ30 ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርጆሪ ዚልኪ የመሩት ቡድን ከዩቲ ሳውዝዌስተርን ሐኪሞች ጋር ሆኖ፣ የሕክምና ተማሪዎች ከበሽተኛ ጋር መነጋገርን የሚለማመዱበት፣ ስሜቱን በፊቱ የሚያሳይ ምናባዊ በሽተኛ ሠርቷል።

ባዶ የቀሩት አዳራሾች

ሁሉም ሙከራ እንዲህ አልሰመረም። ሴኮንድ ላይፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተከፈተ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በውስጡ “ደሴት” ገዙ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2009፣ ዳላስንና አርሊንግተንን ጨምሮ በሥሩ ላሉት ግቢዎች በሙሉ በዚያ ዓለም ቦታ ሰጠ፤ ሥራውን የመሩት በኦስቲን የነበሩት ዶክተር ሌዝሊ ጃርመን በዚያው ዓመት አረፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የሴኮንድ ላይፍ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ እንደሚያነሳ አስታወቀ፤ ብዙዎች ለቀቁ። ቅናሹ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢመለስም የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም።

ከገንዘቡ በላይ የማስበው ሌላ ምክንያት አለ። በየቦታው ብዙዎች በዚያ ዓለም የሠሩት የለመዱትን ነበር፦ አዳራሽ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር፣ መድረክ። በኮምፒውተር የተሠራ ሰውነት ግን አይደክመውም፤ ወንበር አያሻውም። ተማሪን በምናባዊ ወንበር ላይ አስቀምጦ ንግግር ማሰማት፣ አስተማሪውን በቪዲዮ ከማሳየት የሚሻልበት ነገር የለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን መሣሪያው የሚያስፈልገው ነገሩ በእውኑ ዓለም አደገኛ፣ የማይቻል፣ ጉዳት የሚያመጣ ወይም እጅግ ውድ ሲሆን ነው ይላሉ። የደሙ ልምምድ ይህን መስፈርት ያሟላል፤ ተራ ንግግር አያሟላም።

ጥናቶችም የልምምዱን ጥቅምና የመሣሪያውን ገደብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ጥናት በ10 ትምህርት ቤቶች 666 ተማሪዎችን ተከታትሎ፣ የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሽ ድረስ በጥሩ ሲሙሌሽን ቢተካ የተማሪዎቹ ብቃት እንደማይቀንስ አሳየ። ቴክሳስም በደንቡ እስከ ግማሽ ይፈቅዳል። ጥናቱ ግን ያተኮረው በአሻንጉሊትና በሌሎች የሲሙሌሽን ዘዴዎች ላይ እንጂ በመነጽሩ ላይ አልነበረም፤ የሠለጠነ መምህርና ውይይትም የሲሙሌሽኑ አካል ነበሩ። በሌላ በኩል ተመራማሪው ጊዶ ማክራንስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሙከራ፣ 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድን የቤተ ሙከራ ትምህርት በተራ ስክሪንና በመነጽሩ ሲማሩት፣ በመነጽሩ “እዚያው ያለሁ ያህል ተሰማኝ” ያሉት በለጡ፤ የተማሩት ግን አነሰ። ትእይንቱ አእምሯቸውን ወስዶባቸዋል። መደነቅና መማር ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ከፕላዝማው የቀረልን ትምህርት

ይህን የምለው በስክሪን ተምሬ ስላለፍኩም ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር ደሴ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርት በእንግሊዝኛ ከአዲስ አበባ ይተላለፍ ነበር። ምስሉ ያማረ ነበር፤ ሴል ሲከፈል መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ነው። የገጠር ልጅና የከተማ ልጅ አንድ ዓይነት መምህር እንዲያገኙ መታሰቡም ታላቅ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ስክሪኑ አይጠብቅም፤ አይጠየቅም። የክፍሉ መምህር መግቢያና ማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረው። ያልገባን ነገር አልፎን ይሄዳል፤ የሚያውቀንና ሊያስረዳን የሚችለው ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መምህሩን ከመሐል ያወጣ ቴክኖሎጂ ምን እንደሚያሳጣ እዚያ ወንበር ላይ ተምሬዋለሁ።

በኢትዮጵያ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ “እኛስ ከየት እንጀምር?” ሲሉኝ፣ ከመነጽሩ እንዳይጀምሩ እነግራቸዋለሁ። ቀድሞ የሚያስፈልገው ተማሪን ሳያሳፍር ስህተቱን ራሱ እንዲያገኘው የሚያደርግ መምህር ነው። ይህን ችሎታ ለማሠልጠን ኤሌክትሪክም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ አንድ አልጋ፣ በሽተኛ ሆኖ የሚተኛ አንድ ተማሪ፣ ቀይ ውሃ የተሞላ አንድ ከረጢትና ክብ አድርገው የሚያስቀምጧቸው ወንበሮች ይበቃሉ። መምህራኑ ከዚህ ጋር ከተለማመዱ በኋላ መነጽሩ ሲመጣ ሥራውን ያውቃል። ቀድሟቸው ከመጣ ግን በሳጥኑ ውስጥ ያረጃል።

ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም፣ ክፍያ ለሚከፍሉ ወላጆችም የምለው አንድ ነው። አዲስ መሣሪያ አስገባን ሲሏችሁ ስለ ዋጋውና ስለ ጥራቱ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ተማሪው መሣሪያውን ሲያወልቅ ማን እንደሚጠብቀው፣ ለስንት ሰዓት አብሮት እንደሚቀመጥና እንደገና የመሞከር ዕድል እንዳለው ጠይቁ። ሦስቱንም በግልጽ የሚመልስላችሁ ትምህርት ቤት ገንዘባችሁን በሚገባው ቦታ አውሎታል።