ስለ ቀለም ጠመንጃ ጨዋታና ስለ ሕጉ

የወጣቶች ጨዋታ በየዘመኑ ይለዋወጣል። አባቶቻችን በጉግስ ሜዳ ፈረስ እየጋለቡ ዘንግ ይወራወሩ፣ በጋሻም ይመክቱ ነበር፤ በገና ዕለትም ጌታው በሎሌው ምት እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከቁስቋም በላይ ባለው በእንጦጦ ተራራ፣ በ2013 ዓ.ም. በመስከረም ወር በተመረቀው መናፈሻ ውስጥ፣ ፔይንትቦል የሚባል የቀለም ጠመንጃ ጨዋታ ገብቷል። ልጆቻቸው ወደዚያ የሚወጡ ወላጆች የነገሩን ጠባይ ቢያውቁት መልካም ስለ መሰለን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ጨዋታው ባሩድ የለበትም። ጠመንጃው በታመቀ አየር ኃይል፣ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላትን፣ ከጄላቲን የተሠራችና በውስጧ ቀለም የያዘች እንክብል ይወረውራል። እንክብሊቱ ከሰው ላይ ስታርፍ ትፈርጣለች፤ ቀለም የነካውም ከጨዋታው ይወጣል። መሣሪያው አስቀድሞ በአሜሪካ የተሠራው የደን ሠራተኞችና ከብት አርቢዎች በዛፍና በከብት ላይ ምልክት እንዲያደርጉበት ነበር። በ1973 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኒው ሃምፕሸር በምትባለው ግዛት 12 ሰዎች በጫካ ውስጥ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አደረጉ። ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ያሸነፈው አንድ የደን ሰው ሲሆን፣ እርሱም አንዲት ጊዜ እንኳ አልተኮሰም። ይህን ለሚፎክሩ ልጆች መንገር ደስ ይለናል።

እንክብሊቱ በሰኮንድ እስከ 90 ሜትር ትበራለች። በልብስ ላይ ብታርፍ ሰንበር ታወጣለች፤ በዓይን ላይ ብታርፍ ግን ዓይን ታጠፋለች። ስለዚህ በሜዳው ውስጥ ሳሉ የፊት መከላከያውን ለአንድ አፍታም ማውለቅ አይገባም። ላብ ጨነቀኝ የሚል ልጅ አስቀድሞ ከሜዳው ይውጣ።

ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይዝ፣ ወደ አገርም እንዳያስገባ ይከለክላል። የቀለም ጠመንጃ በዐዋጁ ትርጓሜ ይገባል፣ አይገባም ብሎ ሕግ ዐዋቂ በችሎት ይከራከር ይሆናል። በማታ በመንገድ ላይ የቆመ ዘበኛ ግን የዐዋጁን አንቀጽ አያገላብጥም፤ የሚያየው አፈ ሙዙን ነው። ከእንጦጦ በቁስቋምና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደው መንገድ በአሜሪካ ኤምባሲ ደጅ ያልፋል። እንዲህ ባለ መንገድ አንድ ጐረምሳ ጠመንጃ የሚመስል ነገር በትከሻው አንግቶ ቢወርድ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አንባቢያችን ይገምተው። በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአሜሪካ ክሊቭላንድ በምትባለው ከተማ፣ በመናፈሻ ውስጥ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ እውነተኛ መሣሪያ የያዘ መስሏቸው በመጡ ፖሊሶች ተተኩሶበት ሞቷል።

እንግዲህ ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች ምን ያድርጉ? መሸሸግና ሕጉን መሸወድ ለጨዋታውም አይበጀውም። በጀርመን አገር በ2001 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥት የቀለም ጠመንጃን ጨዋታ ጨርሶ ሊከለክል አስቦ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ክርክር ከተነሣበት በኋላ ተተወ። ጨዋታው እዚያ እስከ ዛሬ የሚኖረው ግን በልክ ነው፤ የጠመንጃው ኃይል ከ7.5 ጁል እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላውም አይሸጥም። የእኛም ተጫዋቾች ማኅበር አቁመው፣ የመሣሪያውን ኃይል፣ የተጫዋቹን ዕድሜ፣ የሜዳውን አጥርና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ዘርዝረው አቤቱታቸውን ለፌዴራል ፖሊስ በጽሑፍ ቢያቀርቡ፣ ሹሙ የሚመልሰው ነገር ያገኛል። ባዶ እጁን መጥቶ «ጨዋታ እኮ ነው» የሚል ሰው ግን ለሹሙም መልስ ያሳጣዋል።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ለልጅ ስጦታ ብለው ይህን መሣሪያ በሻንጣ እንዳይልኩ አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል። ከመገዛቱ በፊት ጉምሩክን መጠየቅ ይቀላል፤ ዕቃው ቦሌ ደርሶ ከተያዘ በኋላ የሚደረገው ልመና ሁሉ ዘግይቷል። ይልቁንም ጠመንጃው በሜዳው ባለቤት ዕቃ ቤት ተቈልፎበት ይደር፤ ልጆቹም ቁልቁል ወደ ቁስቋም ሲወርዱ ከጨዋታው የሚተርፋቸው የልብሳቸው ቀለም ብቻ ይሁን፤ እርሱም በውኃ ይለቃል።