ተጨማሪ መረጃ፦ ካንሰር ሲመለስ

ሽቫንሃይም ከማይን ወንዝ በስተደቡብ ያለ የፍራንክፈርት ሰፈር ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚገኘው በአቅራቢያው በኒደርራድ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው “ካንሰሩ ተመለሰ” ሲባል በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያገረሸው የቀድሞው ነው ወይስ አዲስ ዓይነት የሚለውን ነው። ሕክምናው በዚህ ይለያያል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እንደገና ናሙና ይወስዳሉ።

ያለፈው ሕክምናም ምርጫውን ያጠባል። ዶክሶሩቢሲን ልብን ስለሚጎዳ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ገደብ አለው፤ ጨረር ያረፈበት የሰውነት ክፍልም ሁለተኛ ጊዜ የሚችለው ውስን ነው። ሕክምናውን አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ጀምሮ ጀርመን የሚቀጥል ታካሚ የናሙናውን ውጤትና የመድኃኒቶቹን መጠን የያዘ ሰነድ ይዞ ቢመጣ ትልቅ ነገር ነው።

በጀርመን ሕግ መሠረት የጤና መድኑ ለሠራተኛ የሚከፍለው የሕመም ገንዘብ ለአንድ ዓይነት ሕመም በ3 ዓመት ውስጥ ቢበዛ 78 ሳምንት ነው። ያገረሸ ካንሰር እንደዚያው ሕመም ስለሚቆጠር፣ በዚያው 3 ዓመት ውስጥ በመጀመሪያው ዙር ያለቀው ሳምንት ከዚሁ ይቀነሳል። ይህ ለቤተሰብ ከባድ ነው።

ጀርመንኛ ለማይችል ታካሚ የሚያስፈልገውን የአስተርጓሚ ወጪ ግን የሕዝብ የጤና መድን በመደበኛነት አይሸፍንም። ልጅ ለእናቱ ካንሰሩ መመለሱን የሚገልጸውን ከባድ ዜና እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም፤ ከቀጠሮው በፊት ለሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ ማሳወቅ ይቻላል።