የመልክዐ ምድር ትምህርት ከፈረስ መጋላ ይጀምር

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በጀጎል መካከል ወዳለው ወደዚህ አደባባይ ፈረስ ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ የሚያገኘው ባጃጅ፣ አሮጌ ፔዦ ታክሲና የጫት ዘንቢል ብቻ ነው። ፈረሱ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። እኔም የመልክዐ ምድር መምህር እንደ መሆኔ መጠን በዚህ አደባባይ ባለፍሁ ቁጥር ተማሪዎቼን አስባለሁ፤ በእነርሱም ዘንድ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሄዶ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርቱ መጀመሪያ ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል ገባሁና፣ «የኢትዮጵያን ክልሎች ማን ይነግረኛል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ቀልጣፋ ልጅ ብድግ ብሎ ዘጠኝ ስሞችን በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረልኝ። ወዲያው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ተሳስቷል፤ አሥራ ሁለት ናቸው» አለች። እውነቷን ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆነዋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ያጠናው ከታላቅ ወንድሙ አሮጌ ደብተር ነበር። ደብተሩ ሳይለወጥ አገሩ ተለወጠበት።

እንዲህ ያለው ነገር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በአያቶቻችን ጊዜ ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ይባል ነበር። በአባቶቻችን ጊዜ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ ሐረር የሐረሪ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሦስቱም ትውልድ ስሙንና ወሰኑን በቃሉ አጥንቷል፤ ሦስቱም ለፈተና ተቀምጧል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ያቀረብሁት ከዚህ በኋላ ነው። «እሺ፣ ሐረር ለምን እዚህ ቦታ ተቆረቆረች? ስለ ምን ወደ ታች ወደ ኤረር ሸለቆ፣ ወይም ወደ ላይ ወደ ተራራው አልሆነችም?» አልኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዱ ፈራ ተባ እያለ፣ «መምህር፣ ይህ ለፈተና ይመጣል?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጧት ልጆቹን ፈረስ መጋላ ላይ ሰበሰብኋቸው። ካርታም መጽሐፍም አልያዝንም። የሰጠኋቸው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ በገበያው ከሚሸጠው ሁሉ አንድ ነገር መርጦ፣ የት እንደ በቀለና በየትኛው በር እንደ ገባ ጠይቆ እንዲመጣ ነው። ገሚሶቹ ወደ ጊድር መጋላ፣ ገሚሶቹ ወደ ሸዋ በር ተበተኑ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደብተሮቹ ሞልተው ተመለሱ። ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ከሐረማያና ከኮምቦልቻ በኩል ነው። ማንጎውና ፓፓያው ከኤረር ወጥቷል። የግመል ወተቱ ከምሥራቅ፣ ከቆላው የመጣ ነው። አንዲት ተማሪ ለውዝ ሻጯን፣ «እናቴ፣ ይህ እዚሁ አይዘራም?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ለውዝ አሸዋማና ሞቅ ያለ መሬት ነው የሚወደው። የእኛ ከባቢሌ ነው፤ እዚህ ሽቅብ አይሆንለትም» አሏት። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ላስረዳው የምደክምበትን እኒያ ሴት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ሰኞ ዕለት ያገኘነውን ሁሉ በሰሌዳው ላይ አሠፈርነው። በመካከል የጀጎልን ግንብ፣ በዙሪያውም አምስቱን ጥንታውያን በሮች፣ ማለት ሸዋ በርን፣ ፈላና በርን፣ ኤረር በርን፣ ሰንጋ በርንና ቡዳ በርን ሣልን። ከየበሩም የዕቃውን መምጫ በቀስት አመለከትን። ቀጥሎም የየስፍራውን ከፍታ ጻፍን። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ያህል ናት። ሐረማያ 2,000 ሜትር ግድም ሲሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በአየሩ መካከል የአራት ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። በድሬዳዋ በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ሐረር ሲደርስ ጋቢ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጊዜ ያ ዘጠኝ ክልል የዘረዘረው ልጅ፣ «መምህር፣ ሐረር ያለችው የቆላው ዕቃና የደጋው ዕቃ በሚገናኝበት ወገብ ላይ ነዋ!» አለ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉትን ቃላት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ በዓይኑ ያያቸው ግን ያን ዕለት ነው።

የሰው አሰፋፈርም እንደዚሁ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ ውስጥ፣ 48 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ፣ ቤት ከቤት ግድግዳ ተጋርቶ፣ መንገዱም ጠብቦ ይኖራል። ከበሩ ወጣ ሲሉ የገበሬው ቤት በማሽላውና በጫቱ መካከል አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ተበትኖ ይታያል። ወደ ምሥራቅ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ አርብቶ አደሩ ቤቱን በግመል ጭኖ ውሃና ሣር ይከተላል። ሦስቱም ያለ ምክንያት አልሆኑም፤ ነጋዴው ጎረቤትና ግንብ፣ ገበሬው ማሳውን፣ አርብቶ አደሩ ዝናሙን ይከተላል። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ»፣ ቋንቋቸውንም «ጌ ሲናን» ማለታቸው፣ ይኸውም የከተማ ቋንቋ ማለት ነው፣ የአሰፋፈር ትምህርት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከሐረሪ ክልል 183,000 ያህል ሕዝብ ከመቶ 54ቱ በከተማ ይኖር ነበር፤ በመላ አገሪቱ ግን የከተማው ነዋሪ ከመቶ 16 ያህል ብቻ ነበር።

ከተማ የሚቆረቆርበት ምክንያት እንዳለው ሁሉ ገበያው የሚሄድበትም ምክንያት አለ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት አስቸግሮት በቆላው በኩል ሄደ፤ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበትም ቦታ ላይ ድሬዳዋ ተመሠረተች። አንድ ዳገት አንድ ታላቅ ከተማ ወለደ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሁላችንንም ልብ የነካው ነገር የመጣው ግን በመጨረሻ ነው። አንድ ተማሪ የሐረማያን ሐይቅ ከመጽሐፉ አይቶ በሰማያዊ ጠመኔ ሣለ። ከዚያው አካባቢ የመጣ ጓደኛው ይህን አይቶ፣ «እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሣር ነበር፤ ከብት እንጠብቅበት ነበር» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ሐይቁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም ደርቆ ነበር፤ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ በዝቶበት፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም ሞልቶት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ሐረር ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበርና፣ ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ የጉድጓድ ውሃ በሞተር ኃይል ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። ይህን ስነግራቸው አንዲት ልጅ፣ «እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ ውሃው ራሱ ከእኔ የባሰ ዳገት ወጥቶ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር» አለች።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ «ጊዜ የለም፤ ፈተናው የሚጠይቀው ስምና ወሰን ነው» ይላሉ። ስምና ወሰን መታወቅ እንዳለበት እኔም አልክድም፤ ግብር የሚከፈለውም ዳኝነት የሚታየውም በወሰን ነው። የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ ውሃውን፣ አፈሩንና ገበያውን ያወቀ ልጅ ወሰኑን ሲማር ሰው ለሥራው ያበጀው መስመር መሆኑ ይገባዋል። ወሰኑን ብቻ የተማረ ልጅ ግን ምድሩ ራሱ እዚያ መስመር ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል፤ ከመስመሩ ማዶ ያለውንም ሰው እንደ ባዕድ መቁጠር ይጀምራል። የሐረሪ ክልል 350 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዙሪያውም በሙሉ ኦሮሚያ ነው። በሰሌዳችን ላይ ከሣልናቸው ቀስቶች አብዛኛዎቹ የተነሡት ከወሰኑ ውጪ ነበር። ይህች ከተማ በሮቿን ዘግታ አንድ ቀን ማደር እንደማትችል አንድም ተማሪ ሳይነገረው ተረዳው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪ ከሆንህ ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትገባ፣ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህም ወደማታውቀው ወረዳ ስትመደብ፣ ሦስት ነገር ጠይቅ። ይህ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከወዴት ይመጣል? በገበያ ቀን ማን ከየት ምን ይዞ ይገባል? ቤቶቹስ ለምን ተጠጋጉ ወይም ለምን ተራራቁ? መልሱን የሚነግሩህ ለውዝ ሻጯ፣ ባለግመሉና ውሃ ቀጂዋ ናቸው።

በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሜ ጠየቅሁት። ብድግ አለና፣ «አሥራ ሁለት ናቸው» ብሎ ጥቂት አሰበ። ቀጥሎም፣ «መምህር፣ ከየትኛው በር ወጥተን እንጀምር?» አለኝ።