የቤተሰብ ትዝታ አማና ነው



ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን አንዲት ሃርድ ዲስክ ነበረችን። ከመዳፍ አትበልጥም። በውስጧ ግን የወንድማችን ኒካሕ፣ የዒድ ማለዳዎች፣ ከሁሉም በላይ እናታችን ከቡናው ፊት ተቀምጠው ሲመርቁን የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። እናታችን ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ድምፃቸውን የምንሰማው በእርሷ ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት ልጅ ገመዱን በእግሩ ጠለፈውና ዲስኳ ከጠረጴዛ ወደቀች። መልሰን ስንሰካት «ቀጭ፣ ቀጭ» ከማለት በቀር አልከፈተችም። ደጋግመን ሞከርን። በኋላ ወደ ጠጋኝ ወሰድናት፤ ፈታት፤ የእናታችን ምርቃት በዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የእኛ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን አለ። የሚያነበው ጫፍ ከሳሕኑ በላይ ዓይን በማያየው ክፍተት ይንሳፈፋል። ሲወድቅ ጫፉ ሳሕኑን ሊቧጥጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ወዲያው መንቀል እንጂ ደጋግሞ መሰካት አይገባም። አቧራ ባለበት ቤት መፍታትማ የቀረውን ማጥፋት ነው።

ባይወድቅስ? ሌባ አለ፤ የሚሄድ የሚመጣ መብራት አለ፤ ቫይረስ አለ፤ እርጅናም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን ባዳረሰ ጊዜ ስንቱ ቤቱን እንዳለ ጥሎ ወጣ! የደሴ ሙዚየም እንኳ ከዘረፋ አልዳነም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ምሳሌ ከዚሁ ከሐይቃችን ዳር እናገኛለን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ይህም መጽሐፍ በቁጥር 1832 ተመዘገበ። ፊልሙ አሜሪካን አገር ሚኒሶታ ውስጥም ተቀምጧል። ብራናው በቦታው ነው፤ ምስሉ ግን ባሕር ማዶም አለ።

ለእኛ ለሙስሊሞችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በየማማ ጦርነት ብዙ ሓፊዞች ሲሞቱ ሰይዲና አቡበክር በሰይዲና ዑመር ምክር ቁርኣንን በዘይድ ኢብኑ ሣቢት አሰባሰቡ። ሰይዲና ዑሥማን ደግሞ አስገልብጠው ወደየአገሩ ላኩ። የቤት ፎቶ ከቁርኣን ጋር አይነጻጸርም፤ የጥበቃው መንገድ ግን ያስተምራል፦ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ተጠብቋል አይባልም።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው ደንብ ይህንኑ ይላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ይህም ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑር። አንዱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በየዒዱ ስንጠያየቅ አዲሱን ፎቶ እንጨምርበት።

ሁለተኛ፣ የተመረጡትን በኢንተርኔት ማስቀመጫ እናኑር። ጉግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ሆኖም ለ2 ዓመት ያልተጠቀሙበት ሒሳብ ሊሰረዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይዋል። ኮምፒዩተሩን ቫይረስ ቢይዘው የተሰካው ሁሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ከፍቶ ማየት፣ ሲያረጅም ወደ አዲስ መገልበጥ ይገባል።

አራተኛ፣ ጥበቃ ማለት ከመጥፋት መጠበቅ ብቻ አይደለም። በዲስኩ ውስጥ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ምስል አለ። ስለዚህ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቃሉንም ከቤተሰቡ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይወቁት። ለጥገናም ሆነ ለሽያጭ ስንሰጥ ማን እጅ እንደሚገባ እናስብ።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ የአያቶቻችሁ ድምፅ ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሩ። መልሱ «አንድ» ከሆነ ነገ አትበሉ። ሰበቡን አድርሶ በአላህ መመካት የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ የሞቱብንን ይማርልን፤ አማናችንንም ለልጆቻችን የምናደርስ ያድርገን። አሚን።