በጣሳ የታሸገ የውሻና የድመት ምግብ፦ የጣሳው የውስጥ ሽፋን ምን ያህል ያሰጋል?

ለውሻና ለድመት በጣሳ ታሽጎ ከውጭ አገር የሚገባ ምግብ በከተማ ሱፐርማርኬቶች ይሸጣል። የጣሳው የውስጥ ሽፋን ለእንስሳው ጤና ያሰጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሽፋኑ ጥቅም ይጀምራል። ጣሳ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የሚሠራ በመሆኑ በምግቡ ውስጥ ያለው እርጥበት፣ ጨውና አሲድ በቀጥታ ቢያገኘው ይበላዋል። የተበላ ጣሳ ይበሳል፤ በቀዳዳውም ምግቡን የሚመርዙ ተሕዋስያን ይገባሉ። በውስጡ የሚቀባው ስስ ሽፋን ይህንን ይከላከላል።

ሥጋቱ የመጣው ሽፋኑ ከሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በብዛት ያገለገለው ኢፖክሲ የሚባለው ሽፋን ሲሆን፣ የሚዘጋጀውም ቢስፌኖል ኤ ከተባለ ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የመምሰል ጠባይ አለው። ወደ ምግቡ በአብዛኛው የሚገባውም ፋብሪካው የታሸገውን ጣሳ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተሕዋስያንን ለመግደል በሚያበስልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጣሳውን በቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም።

በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 ጤናማ ውሾችን ለሁለት ሳምንት የጣሳ ምግብ መግበው ደማቸውን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት በደማቸው ያለው የቢስፌኖል ኤ መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሏል። ከተሰጧቸው ሁለት ዓይነት ምግቦች አንዱ ከኬሚካሉ ነጻ ነው ተብሎ የታሰበ ነበር። «ነጻ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሆኖም ጥናቱ ውሾቹ ታመሙ አላለም፤ በአንጀታቸው ባክቴሪያዎች ላይ ለውጥ መታየቱን ግን መዝግቧል። ድመቶችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በቀለበት ተስቦ የሚከፈት ጣሳ ምግብን ከታይሮይድ ዕጢ ሕመም ጋር ተያይዞ አግኝቶታል፤ መንሥኤው ሽፋኑ መሆኑን ግን አላረጋገጠም።

የተቆጣጣሪ ተቋማት አቋምም አንድ ዓይነት አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለሰው የሚፈቀደውን ዕለታዊ መጠን ከቀድሞው 20,000 ጊዜ አሳንሶታል። የአውሮፓ ኅብረትም የሰውን ምግብ በሚነኩ ዕቃዎች ውስጥ ኬሚካሉን የሚከለክል ደንብ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከመሸጋገሪያ ጊዜ ጋር፣ ሥራ ላይ አውሏል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በበኩሉ በምግብ ውስጥ አሁን የሚገኘው መጠን አያሰጋም ይላል።

በዚህ ሁኔታ አሳዳጊው የጣሳ ምግብን ጨርሶ ለመተው አይገደድም። በየቀኑ ከመስጠት ይልቅ ከደረቅ ምግብ ወይም ያለ ቅመም ከተቀቀለ ሥጋና ሩዝ ጋር ማፈራረቅ የኬሚካሉን መጠን ይቀንሳል። ጣሳውን ሸሽቶ የወጥ ትራፊ መስጠት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ።

ምግቡን ከነጣሳው እሳት ላይ መጣድ አይገባም፤ የተረፈውም ወደ ብርጭቆ ወይም ወደ ሸክላ ዕቃ ተገልብጦ፣ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተጨረመተ ጣሳ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አይገዛ። ያበጠ ጣሳ ከሽፋኑ ይልቅ የከፋ አደጋ ምልክት ነው፤ ሳይከፈት ለሻጩ ይመለስ። እንስሳው ከተመገበ በኋላ ካስመለሰ፣ ካስቀመጠ ወይም መብላት ካቆመ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ ያለበትን ጣሳ ይዞ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ምርመራውን ያቀላጥፋል።